የጨው ውሃ ረዳት

ይድረስ ለእትዬ፤ ከእናታችን ወዲህ እናቴም እህቴም ለሆንሽው።

ከሁሉ አስቀድሜ ጉልበትሽን ልጠይቅ። አሁንም ደረጃ ስትወጪ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል ወይስ ያ ቅባት ትንሽ ለዘብ አደረገልሽ? ዓይንሽስ? ይህን ወረቀት ያለ መነጽር ለማንበብ እንዳትታገይ፤ ልጆቹን አስነብቢ እንዳልልሽ ደግሞ ውስጡ ያለው ለልጆች ጆሮ የሚሆን አይደለም። መነጽርሽን ፈልጊ፤ መቼም አናትሽ ላይ ነው የሚሆነው። ባለቤትሽ ደም ግፊቱ እንዴት ሆነለት? ጨው ተከልክሎ አሁንም እየተደበቀ ይልሳል? ንገሪው፣ እኛ ቤት ጨው በባልዲ ነው የሚሟሟው። አማትሽስ እንዴት ሰነበቱ? ጆሯቸው አሁንም የሚሰማው ስለ እሳቸው ሲወራ ብቻ ነው? መምህሯ ልጅሽ፣ መንትዮቹ፣ ሁላችሁም እንደምን ከርማችኋል? እኔ ደህና ነኝ። ወገቤ አልፎ አልፎ ይይዘኛል፤ ምላሴ ግን እንደምታውቂው ነው፣ አንድ ቀን ታሞ አያውቅም።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ ደንበኛው ወረቀቱን ሲጠብቅ እኔ አፍንጫዬን እጠርጋለሁ። «የታችኛውን ክፍል አስለቅቄ ቀለም አስቀብቼላችኋለሁ፤ ባልሽን ይዘሽ ነይ፣ ዓሦቹን ለሚፈልጋቸው ስጪ፤ እዚያ ማን አለሽ ብለሽ ነው የምትቀመጪው?» ብለሻል። እትዬ፣ እግርሽን ልሳም። መልስ ያዘገየሁት ንቄሽ አይደለም። ልመጣ ነበር፤ ልብሱን እስከ ማጣጠፍ ደርሼ ነበር። ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ የሆነውን ካልነገርኩሽ ግን መልሴ አይገባሽም፤ ስለዚህ ትራስሽን ደገፍ በይና አንብቢ። አሳጥሪ እንዳትይኝ፤ አሳጥሬ አውርቼ አላውቅም። ባሌስ ቢሆን ገና ስንጋባ ሬዲዮ ብሎ የጠራኝ ለዚህ አይደል? «የሰው ሬዲዮ ባትሪ ይጨርሳል፣ የኔዋ እንቅልፍ ውስጥም ታስተላልፋለች» ይል ነበር።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ እኛንም እያሳሳቀ ነው የወሰደን። አንድ ጊዜ የጎረቤት ጫማ አድርጎ ወጣ፤ ሳቅን። የቤቱን ቁልፍ ስኳር ጣሳ ውስጥ አገኘሁት፤ «እንግዲህ በሩም ይጣፍጠዋል» ብሎ ራሱ አሳቀኝ። ዕድሜውን ሙሉ ቧንቧ የሠራ ሰው፣ የግማሽ ከተማውን ቱቦ ከነመጋጠሚያው በቃሉ የሚያውቅ ሰው፣ የገዛ ወጥ ቤታችን ውስጥ ቆሞ «ውሃው በየት በኩል ነው የሚከፈተው?» ያለኝ ቀን ግን ሳቁ አፌ ላይ ደረቀ። ከዚያ አንድ ጠዋት ሻዩን ይዤለት ስገባ ቀና ብሎ በትሕትና «እህቴ፣ ማንን ፈልገሽ ነው?» አለኝ። ሐኪም ዘንድ ሄድን፤ እኔ ሳለቅስ እሱ ጣሪያው ላይ የሚያንጠባጥበውን ቱቦ ነበር የሚያየው። ሐኪሙ የመርሳት በሽታ መሆኑን ነገረኝና «አትከራከሪው፤ ያለበት ድረስ አንቺ ሂጂለት» አለኝ። ካልተከራከርኩት ምኑን ትዳር ሆነ ልል ነበር፤ ዋጥኩት።

ስለዚህ ሌላ ቀን ደግሞ «ማንን ፈልገሽ ነው?» ሲለኝ፣ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ «ውሃውን ላግዝዎ ነው የመጣሁት ጋሼ» አልኩት። ያን ሁሉ ዘመን አንተ ስለው የኖርኩትን ሰው እርስዎ ስለው ምላሴ ተንተባተበ። እሱ ግን ፊቱ በራ። «በጣም ጥሩ። ግቢ። እጅሽን ታጠቢ፣ ሳሙናውን ግን እስኪለቅ ድረስ እጠቢው፤ እዚህ ቤት ሳሙና የዓሣ ጠላት ነው» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በገዛ ቤቴ ረዳት ሆኜ ተቀጠርኩ።

የዓሦቹን ሳጥን ታስታውሻለሽ። አንቺ እኛ ጋ በመጣሽ ጊዜ ገና ባዶ መስታወት ነበር፤ «ይሄን የሚያህል ብርጭቆ ማን ሊጠጣበት ነው?» ብለሽ አስቀሽናል። በኋላ ብታዪው ከሳሎኑ ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ የባህር ቁራጭ ነበር የሚመስልሽ። ነጭ መቀነት የታጠቁት ሁለቱ ብርቱካናማዎች አበባ በሚመስለው እንስሳ ውስጥ ተቃቅፈው ስለሚውሉ ሙሽሮቹ እንላቸዋለን። ቢጫዋ ሎሚ ናት። አውራ ጣት የማያህለው ሰማያዊው ደግሞ ጉልቤው ነው፤ የማያሳድደው፣ የማይነክሰው ነገር የለም፣ የኔንም እጅ ነክሶ ያውቃል።

ለዓሣ ውሃ ማዘጋጀት ምኑ ይከብዳል ትዪ ይሆናል። እኔም እንዲያ ነበር የምለው፤ ቧንቧ መክፈት፣ ጨው መነስነስ፣ አለቀ። ባሌ ማን እንደሆነች የረሳት ሚስቱ ፊት ቆሞ ያስተማረኝን ስሚ። የቧንቧ ውሃ ለሰው ነው የተሠራው፤ ለእኛ ተብሎ የተጨመረበት መድኃኒት ለእነሱ መርዝ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በማጣሪያ ያልፋል፤ ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያሰራቸው ረጃጅም ቱቦዎች አሉ፣ በዚያ ጠብ ጠብ እያለ ይወርዳል። ፊት ለፊታችን ያለችው ልብስ ሰፊ ጎረቤቴ ስታየው «ይሄስ የሽማግሌ ሽንት ነው፤ ሲያልቅ ቀስቅሱኝ» ብላለች። የተጣራው ውሃ ሳሙና ነክቶት በማያውቅ ባልዲ ይጠራቀማል። ማሞቂያው ይገባል፣ ውሃውን የምታሽከረክረው ትንሿ ፓምፕ ትገባለች። ከዚያ ነው ጨው። የወጥ ቤቱ ጨው አይደለም፤ ከዓሣ ዕቃ ሻጩ የሚመጣ፣ ባህር ውስጥ ያለው ሁሉ ያለበት ጨው ነው። «ጨው ወደ ውሃ ይሄዳል እንጂ ውሃ ወደ ጨው አይሄድም» ይለኛል፤ ውሃውን ከላይ ካፈሰስሽበት ይጓጉላልና። ትንሽ በትንሽ፣ በእጅ እየቆነጠሩ። ሲበትን ደግሞ «ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» እያለ ጨውን ይመክረዋል። ውሃው እንደ አጓት ይደፈርሳል፣ ከዚያ እያደር ይጠራል። በዚያው ቀን አይሰጥም፤ ሲሽከረከር አድሮ፣ በነጋታው በአንድ ዓይን በሚታይባት ትንሽ የጨው መለኪያ መነጽር ጠብታው ይለካል፤ ውስጧ የሚታየው ሰማያዊና ነጭ የሚገናኙበት መስመር ትክክለኛው ቦታ ላይ ካልዋለ ንቅንቅ የለም። መጨረሻ ላይ እናት የሕፃን መታጠቢያ ውሃ እንደምትሞክረው፣ ክንዱን ነክሮ ሙቀቱን ይሞክራል።

ሌላም አለ፤ ይሄን ልብ በይልኝ። ሳጥኑ ውስጥ ውሃው በየቀኑ እየተነነ ይጎድላል። ሲጎድል የሚሞላው በጨው ውሃ አይደለም፤ በባዶው፣ በተጣራው ውሃ ብቻ ነው። «በንኖ የሚሄደው ውሃው ነው፤ ጨው የትም አይሄድም፤ በጨው ላይ ጨው ከጨመርሽ ገደልሻቸው» ይላል። ይሄን የተናገረው በየሳምንቱ ነው፣ በየሳምንቱም ለመጀመሪያ ጊዜ።

እትዬ፣ ደስታዬን ብነግርሽ ታዝኚብኛለሽ? ያቺ ውሃ የምንሠራባት ሰዓት ሰርጌ ነበረች። ሌላ ጊዜ ካልሲውን የት እንደሚያደርግ የሚጠፋው ሰው፣ ባልዲው ፊት ሲቀመጥ ጀርባው ይቀናል፣ ድምፁ የድሮው ይሆናል፣ ይቆጣኛል እንኳ። ሲቆጣኝ ልቤ ቅቤ ይጠጣል። ጨው እስኪሟሟ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስለ ሚስቱ ያወራልኛል። «ሬዲዮ ነው የምላት። ስትወጣ ቤቱ መብራት የጠፋበት ይመስላል። አንቺ ዝምተኛ ነሽ፣ ይህም ጥሩ ነው፤ እሷ ብትሆን ይሄኔ የጎረቤቱን ድመት ታሪክ ጀምራ ወደ ድመቷ አያት ተሻግራ ነበር» አለኝ። እኔ ዝምተኛ! እዚያ ሆነሽ ስትስቂ ይሰማኛል። ግን እውነቱን ነው፤ ስለ ራሴ ሲያወራልኝ አፌን መክፈት አቃተኝ፤ እንዳያቋርጥ ፈራሁ።

አንድ ቀን ደግሞ «እነዚህን ዓሦች ለምን እንደያዝኩ ታውቂያለሽ?» አለኝ። ለእኔ የነገረኝ አንድ ደንበኛው ሳጥኑን ሊጥለው ሲል አሳዝኖት እንዳመጣው ነው። «ውሸቴን ነው» አለኝ። «ለምኜ ነው ያመጣሁት። ልጅ እንደማይኖረን በተነገረን ጊዜ ሚስቴ ወሬ አቆመች። ሬዲዮው ተዘጋ። ቤት ውስጥ የምታወራለት ነገር ይግባ ብዬ ነው። መጀመሪያ አልሆነም። ከዚያ አንድ ቀን ውሃው ወለሉ ላይ ፈሰሰና ስትጨቃጨቀኝ፣ ስትጨቃጨቀኝ ዋለች፤ እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በደስታ አለቀስኩ። እንዳትነግሪያት።» አልነግራትም አልኩት። ይኸው ላንቺ ነገርኩ እንጂ ለእሷ አልነገርኩም።

ታዲያ ምናልባት በወሬዬ ያውቀኝ ይሆናል ብዬ በሌላው ሳምንት ለቀቅኩት። ስለ ፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ ስለ ልብስ ሰፊዋ፣ ስላንቺ ጉልበት፣ ያላወራሁት የለም። አዳመጠ፣ አዳመጠ፣ ከዚያ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ወሬሽ የሷን ይመስላል። እባክሽ ተይው፤ ሰው አታናፍቂ» አለኝ።

ወደ ጉዳዩ ልመለስ። እጁ ውሃውን አልረሳም ነበር፤ ልኩን ግን መርሳት ጀመረ። ጨው በትኖ ዞር ይልና፣ ሲመለስ ገና እንዳልበተነ ሆኖ እንደገና ይጀምራል። ከለከልኩት፤ ተናደደ፣ ከዚያም እንደ ልጅ አፈረ። ያን ዓይኑን ዳግም ላላየው ማልኩ። ስለዚህ ሁለት ባልዲ አደረግኩ። ሰማያዊው የሱ ነው፤ እንደ ልቡ ይበትንበት። ነጩን እኔ ጓዳ ውስጥ በልኩ አዘጋጃለሁ። እሱ ከምሳ በኋላ ሲያሸልብ ሰማያዊውን ደፍቼ ነጩን ለዓሦቹ እሰጣለሁ፤ ሲነሳ «ውሃህ እንዴት እንደተስማማቸው አየህ?» ማለት ያምረኝና «ውሃዎ እንዴት ተስማማቸው» እላለሁ። ይኮራል። ይሄ እንዲህ እየሆነ ቆየ። እኔ ግማሽ ቀን ሥራ ስሄድ ልብስ ሰፊዋ መስፊያዋን ይዛ እኛ ሳሎን ትቀመጥለታለች፤ ሲያናግራት አፏ ውስጥ መርፌ ይዛ ትመልስለታለች፣ ይስማማሉ።

አንድ ቀን ጠዋት ግን፣ እሱ ጨው በትኖ እንደጨረሰ፣ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ቶሎ ነይ ብሎ ደወለና ሰማያዊውን ባልዲ ሳልደፋ ወጣሁ። ልብስ ሰፊዋን ደግሞ ልኬት የምትለካ ደንበኛ በሯ ላይ ጠራቻትና ተነስታ ሄደች። እሱ ሳጥኑን ያያል፤ ውሃው ጎድሏል። ትጉ ነው እንግዲህ፤ ባልዲውን አንስቶ ሞላው። ያን ሦስቴም አራቴም ጨው የበላ ውሃ፣ እስከ መጨረሻው ጠብታ።

ስገባ ሎሚ ውሃው ላይ በጎኗ ተንሳፍፋለች። ሙሽሮቹ አሸዋው ላይ ተኝተው አፋቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል። አበባው ተጨብጦ እንደ ደረቀ ጨርቅ ሆኗል። በመነጽሯ ባየው መስመሩ ከቁጥሩ ሁሉ አልፎ ወጥቷል። ጓዳ ያዘጋጀሁትን ነጩን ባልዲ አመጣሁና የሚተነፍሱትን በመረቡ እያወጣሁ አዛወርኩ። እሱ አጠገቤ ቆሞ «ምን ሆኑ? ምን ሆኑብኝ?» ይላል። ከዚያ ጣቱን ሳጥኑ ውስጥ ነክሮ ቀመሰና ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ «በጨው ላይ ጨው። ማን ነው የሞላው?» አለ። ዓይኑ ወደ እጅጌው ወረደ፤ ጨው ደርቆ ነጭ ሆኖበታል፣ ሱሪውም ላይ፣ ጫማውም ላይ። እጅጌውን አየ፣ ሳጥኑን አየ፣ እኔን አየኝ። «እኔ ነኝ እንዴ?» አለኝ። እትዬ፣ ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገብቶት ነበር። በሽታው ሳይቀር ገብቶት ነበር። ፊቱ ላይ አየሁት።

«እርስዎ አይደሉም ጋሼ» አልኩት። «እኔ ነኝ። ተሳሳትኩ።»

ትንፋሹ ሲመለስ ሰማሁት። ከዚያ ቁጣው መጣ። «ስንት ጊዜ ነገርኩሽ? ስንት ጊዜ? እነዚህ የኔ አይደሉም፣ የሚስቴ ናቸው። ስትመጣ ምን ብዬ ልንገራት? ሂጂ። ከእንግዲህ እዚህ ቤት ውሃ እንዳትነኪ» አለኝና በሩን ከፈተልኝ። ነጠላ ጫማ እንዳደረግኩ ወጣሁ። በሩ ከኋላዬ ተዘጋ።

ደረጃው ላይ ቆሜ ሳለ ልብስ ሰፊዋ መጣች፤ ሜትሩን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ታለቅሳለች። ለደቂቃ ነው የሄድኩት፣ እኔ ነኝ የገደልኳቸው፣ ትላለች። አይዞሽ፣ እኔ ነኝ ብዬ ቀድሜሻለሁ አልኳት። ምን ሆነሽ ነው ውጭ የቆምሽው ስትለኝ ተባርሬ ነው አልኳት። «ከገዛ ቤትሽ?» «ከገዛ ቤቴ።» «ያለ ማስጠንቀቂያ?» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅ ያዘን፤ እያለቀስን፣ ግድግዳ ተደግፈን ሳቅን። ከዚያ እሷ ናት ብልሃቱን የነገረችኝ። «ምን ልትሠሪ ትቆሚያለሽ? ረዳቷን አባረረ፤ ሚስቱን እየጠበቀ ነው። አንኳኪና ግቢያ።» ፀጉሬን በእጇ አስተካከለችልኝ፣ የሷን ጫማ አደረገችልኝ። አንኳኳሁ።

ከፈተ። ከእግር እስከ ራሴ አየኝና «ሬዲዮ፣ መጣሽ?» አለኝ።

እትዬ፣ ጆሮዬን አላመንኩም። መጣሁልህ፣ አልኩት፤ እርስዎ ሳልለው። እጄን ይዞ ወደ ሳጥኑ ወሰደኝና እንዳልደነግጥ ቀስ እያለ ነገረኝ፤ አንዲት ረዳት ነበረችኝ፣ ጨው አበዛችባቸው፣ አንቺ ስለምትወጃቸው ምን እላለሁ ብዬ ነበር አለ። ትከሻው ላይ አለቀስኩ፤ ለዓሦቹ መሰለው። አባበለኝ። አብረን እራት በላን። ወጡ ጨው አንሶታል አለኝና ተከራከርን፣ እንደ ድሮው። አንቺንም በስምሽ ጠርቶ ጉልበቷ እንዴት ሆነ ብሎ ጠየቀኝ። ይሄንን ደስታ የት ላስቀምጠው ነበር ያልኩት። ያን ጊዜ ደብዳቤሽ ደርሶኝ ቢሆን ኖሮ ተነስተን ወዳንቺ እንመጣ ነበር፤ እህቴ ጋ ብንሄድስ አልኩትም፣ «አንቺ ካለሽ የትም ነው» አለኝ።

ልንተኛ ስንል ግን ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ምነው ስለው «ያቺ ሴትዮ አሳዘነችኝ» አለኝ። «ደግ ነበረች። ጨከንኩባት። ተባርራ የት ትገባለች? ነገ ፈልገሽ ጥሪልኝ፤ ጉልቤው ከተረፈ ውሃ ይፈልጋል፣ አንቺ እንደሆነ እርጥብ ወለል አትወጂ።» ጉልቤው አዎ፣ ነጩ ባልዲ ውስጥ እሱ ብቻ ተርፎ ነበር፤ ሙሽሮቹ አልቆዩም። ክፉ አይሞት እያልኩ ሰድቤዋለሁ፤ አሁን እሱን ካላየሁ እህል አይወርድልኝም። እጠራታለሁ፣ አልኩት። ምን ልበል?

ጠዋት ሻዩን ይዤ ስገባ ቀና አለ። «መጣሽልኝ እህቴ?» አለኝ። «ትናንት ክፉ ተናገርኩሽ፤ ይቅር በይኝ። ሚስቴ ናት አይደል የጠራችሽ? አየሽ፣ ደግ ናት።» አዎ ጋሼ፣ ደግ ናት፣ አልኩት። ይቅርታ ጠየቀኝ ብዬ ልደሰት፣ ወይስ ሄደች ብዬ ላልቅስ? ሚስቱ ልትጠራኝ ሄዳ በዚያው ቀረች እኮ እትዬ።

ከዚያ በኋላ ያላደረግኩት የለም። ቀሚስ ቀይሬ ወጥቼ ገባሁ። የልብስ ሰፊዋን ጫማ ተውሼ ገባሁ። ያን ዕለት የለበስኩትን ሳላጥብ ለብሼ ገባሁ። ልብስ ሰፊዋ ደረጃው ላይ ሆና «አሁን ሂጂ፣ አሁን» ትለኛለች፣ እንደ ሌባ። አንኳኳለሁ፤ ይከፍታል፣ ያየኛል፣ ከኋላዬ ደግሞ ደረጃውን ያያል። ከዚያ ሁልጊዜ አንድ ነው የሚለኝ፦ «ሚስቴ ወጥታለች። ግቢ፣ አብረን እንጠብቃት።» እገባለሁ። አብረን እንጠብቃታለን።

ሳጥኑን በተጣራው ውሃ ቀስ በቀስ እያቀጠንኩ፣ በየቀኑ እየለካሁ ወደ ልኩ መልሼዋለሁ። ጉልቤው ብቻውን ያን ሁሉ ባህር ይዞ ይንጎማለላል፤ የሚያሳድደው ስላጣ ጥላውን ያሳድዳል። እኛም በየሳምንቱ ለእሱ ለአንዱ ስንል እንቀመጣለን፤ ሰማያዊው ባልዲ የጋሼ፣ ነጩ የኔ። አሁን ግን ሰማያዊውን ሳልደፋ ውልፍት አልልም።

እንግዲህ ለጥያቄሽ መልስ። ደብዳቤሽ በመጣ በሳምንቱ ጠየቅኩት። ጋሼ፣ ሰፊ ቤት አለ፣ ሰዎቹ ደግ ናቸው፣ ሄደን ብንኖርስ አልኩት። ሳይቆጣ፣ እያሰበ፣ «አንቺ ሂጂ እህቴ፤ አልይዝሽም» አለኝ። «እኔ ግን ሚስቴ መጥታ ቤቱ ተዘግቶ ብታገኘውስ? ዓሦቹም የሉ፣ እኔም የለሁ፤ ለማን ታወራለች?» እትዬ፣ ይሄን ሰው እጁን ይዤ ከዚያ በር ማውጣት እችል እንደሆነ አንቺው ፍረጂ። እኔ አልቻልኩም። ልብሱን መልሼ ቁም ሣጥን ውስጥ ሰቀልኩት። የቀባሽውን ክፍል ለመንትዮቹ ስጫቸው፤ ቀለሙ አይበላሽ። አንቺ ግን ጉልበትሽ ከፈቀደ ነይልኝ። ስትመጪ እርስዎ ስለው እንዳትደነግጪ፣ በስሜም አትጥሪኝ፤ ይደናገራል።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ጨዉን ይተው በይው፣ በጨው የሚሆነውን አይቻለሁ። ለአማትሽ ጠጋ ብለሽ ስለ እሳቸው እያወራሁ ነው በያቸው፣ ይሰማሉ። መምህሯን ግንባሯን ሳሚልኝ። ለመንትዮቹ፣ ጉልቤው ሰላም ብሏል በያቸው፤ ይነክሳል እንጂ ሰላምታ አያውቅም፣ ግን እነሱ ይህን አያውቁም። ልብስ ሰፊዋ ሳታውቅሽ ትወድሻለች።

እሱም ሰላም ይልሻል። አሁን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጦ ጨው ሲሟሟ እያየ ነበርና፣ ለሚስትዎ እህት ነው የምጽፈው፣ ምን ልበልልዎ አልኩት። ደስ አለው። «ደህና ነን በያት» አለኝ። «አታስቢ በያት፤ ሚስቴ ስትመለስ ራሷ ትጽፍላታለች።»

ታናሽሽ

ከቤታችን፣ ከመስታወቱ ሳጥን ፊት ለፊት
ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ግንቦት ሊያልቅ ሲል